የሰጎን ጫጩት የዶሮ መኖ ለምን አይስማማውም? ዕድሜን የተከተለ የሰጎን አመጋገብ

ጥያቄው፦ «አምስት ሳምንት የሆናቸው 24 የሰጎን ጫጩቶች አሉኝ። የሥጋ ዶሮ ስታርተር (የጫጩት የመጀመሪያ) መኖ ያለ ገደብ ይቀርብላቸዋል፤ አልፋልፋም እየታጨደ ሳይከተፍ ይጣልላቸዋል። አራቱ እግራቸው ወደ ውጭ መዞር ጀምሯል። ለእርባታ የያዝኳቸው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ሰጎኖችም አሉ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት እየሳሳ መጥቷል። ለማን ምን ያህል ልስጥ? መኖውን ራሴ መደባለቅ እችላለሁ? ወደፊት ኢሙ የተባለውን ሰጎን መሰል የአውስትራሊያ ወፍ ለማርባት ስለማስብ፣ መልሱ ለኢሙም ይሠራ እንደሆነ ቢነገረኝ።»

ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር አለ፤ የዶሮ መኖው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ለመከላከል ብዙ ጊዜ አዮኖፎር የሚባሉ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን፣ ላሳሎሲድ ወይም ናራሲን የሚል ስም ካዩ መኖውን ከገንዳው ያውጡት፤ አቅጥኜ ልጨርሰው ብለውም ከሌላ ጋር አይቀላቅሉት። ዶሮ ምንም ሳይሆን የሚችለው መጠን የሰጎንን ጡንቻ ይገድላል። የተመረዘ ጫጩት መጀመሪያ ይዝላል፣ ክንፉን ይጥላል፣ ከዚያ ተቀምጦ መነሣት ያቅተዋል፤ እግሩ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። የእርስዎ ጫጩቶች ግን እግራቸው የሚዞር በመሆኑ ችግሩ አጥንት ላይ ይመስላል። ያም ሆኖ ሁለቱ ጉዳቶች አብረው ሊመጡ ይችላሉና ጽሑፉ ሳይነበብ አይታለፍ። ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ ሻጩም ምን እንዳለበት መናገር የማይችል መኖ ለሰጎን አይቀርብም። እግሩ ሳይዞር የዛለ ጫጩት ካለና መኖው ንጹሕ ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የቪታሚን ኢና የሴሌኒየም እጥረት ነው፤ ያን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሴሌኒየም በሚያስፈልገውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ በግምት አይሰጥም።

የሰጎን ሆድ እንዴት ይሠራል?

ቀሪው ምክር በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ ሰጎን ሲፈለፈል እንደ ወፍ ይመገባል፣ ሲያድግ ሣር በል ይሆናል፤ ለውጡም የሚጠናቀቀው በወራት ነው።

ዶሮ የበላውን ለጊዜው የሚያቆይበት ከረጢት አንገቱ ሥር አለው፤ ሰጎን ይህ የለውም። የዋጠው በቀጥታ እጢዎች ወዳሉበት ሰፊ ጨጓራ ይገባል፣ ከዚያ ጠጠር ወደሚይዘው ጡንቻማ ጨጓራ አልፎ ይፈጫል። ሰጎንን ከሌሎች ወፎች የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትልቁ አንጀቱ በአዋቂው ላይ ከጠቅላላው የአንጀት ርዝመት ከግማሽ በላይ ይይዛል፣ ምግቡም እዚያ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቃጫውን (የዕፅዋቱን ጠንካራ ክፍል) አብላልተው ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ ወፉም አሲዱን ለኃይል ይጠቀምበታል።

ጫጩቱ ግን እነዚህን ተሕዋስያን ይዞ አይወለድም። በሦስት ሳምንቱ ከቀረበለት ቃጫ የሚፈጨው ከአሥር በመቶ በታች ነው፣ በአሥር ሳምንቱ ግማሽ ያህሉን፣ ሙሉ ሲሆን ደግሞ ወደ 60 በመቶ ገደማ። ስብም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ሳምንቱ ግማሹን እንኳ አይፈጨውም። ስለዚህ አምስት ሳምንት ማለት የሽግግሩ መሐል ነው። ሣር ብቻ ከሰጡት ሆዱ ሞልቶ ይራባል፣ ሣር ከነፈጉት ደግሞ ትልቁ አንጀቱ ሥራውን አይማርም። ሜዳ ላይ የሚያድጉ ጫጩቶች የአዋቂዎቹን ፋንድያ ሲለቃቅሙ የሚታዩት ተሕዋስያኑን ስለሚያገኙበት ነው። በግቢ ውስጥ ግን ከፋንድያው ጋር የሆድ ትልና ተላላፊ በሽታ ስለሚመጣ ሆን ተብሎ አይደረግም፤ ጥቂት በደቃቁ የተከተፈ አልፋልፋ በየቀኑ ማስለመድ ይሻላል።

የዶሮ መኖ የሚያሳስተው በሌላም በኩል ነው። የመኖ ሠንጠረዦች ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን በዶሮ የተለካ ነው። አንድ ኪሎ አልፋልፋ ለዶሮ 4 ሜጋ ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሲሰጥ ለአዋቂ ሰጎን 9 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጠዋል። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ለዶሮ 9፣ ለሰጎን ከ13 በላይ ነው። በቆሎ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ከ14 ተኩል ወደ 15 ገደማ። በዶሮ ሠንጠረዥ አስልቶ «ኃይሉ አነሰ» በማለት በቆሎ የሚጨምር ሰው እያደገ ላለው ሰጎን ከሚፈለገው በላይ እየሰጠ ነው። የሰጎን መንጋ ላይ ለሚታየው ስብ አንዱ ምክንያት ይህ ስሌት ነው።

እግራቸው ለምን ዞረ?

የሥጋ ዶሮ ስታርተር የተሠራው በስድስት ሳምንት ለሚታረድ ወፍ ነው። በፕሮቲንም በኃይልም የተጫነ ስለሆነ የሰጎን ጫጩት ያለ ገደብ ሲበላው ሥጋው ከአጥንቱ ይቀድማል። የታችኛው እግር ረጅም አጥንት ገና ለስላሳ ሳለ ክብደቱ ይመጣበትና በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል፣ ጣቶቹም ወደ ውጭ ያያሉ። ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ጠባብ ክፍል፣ የሚያንሸራትት ወለል እና የካልሲየምና የፎስፈረስ አለመመጣጠን ያባብሱታል። በተለይ መኖውን «ለማቅለል» ተብሎ ፉርሽካ ብቻ ሲበዛበት ጉዳቱ ይከፋል፤ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ከቁጥር የማይገባ ነውና።

አንዴ የተጠመዘዘ አጥንት በመኖ አይመለስም። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካልሲየም እየጨመረ ሳምንታት ያባክናል፤ ትርፉ ካልሲየም ደግሞ ዚንክና ማንጋኒዝ ከአንጀት እንዳይገቡ አግዶ ሌላ የእግር ችግር ያመጣል። አራቱን ለይተው ሌሎቹ በማይረግጧቸው፣ ወለሉ በማያንሸራትት ቦታ ያስቀምጧቸው፤ ሐኪም አይቶ የመዞሩን መጠን ይወስን። ሥራው ያለው በቀሩት ሃያዎቹ ላይ ነው።

ጣታቸው ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ የሪቦፍላቪን፣ ማለትም የቪታሚን ቢ2 እጥረት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጅማቱ ከቦታው የተንሸራተተ ደግሞ የማንጋኒዝና የኮሊን እጥረትን ያስጠረጥራል። ሁለቱም የሚያመለክቱት ፕሪሚክስ (ወደ መኖ የሚጨመር የቪታሚንና የማዕድን ድብልቅ) እንደሌለ ወይም ጊዜው እንዳለፈበት ነው።

ለጫጩቶቹ ምን ያህል?

በአምስት ሳምንት አንድ ጫጩት በቀን ከ200 እስከ 250 ግራም ደረቅ መኖ ይበቃዋል፤ ለ24ቱ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ማለት ነው። ይህን በአንድ ጊዜ አይጣሉላቸው። ብርሃን ባለበት ሰዓት ለሦስት ወይም ለአራት ከፍለው ይስጡ፤ በመካከል ገንዳው ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶ ይሁን፣ ጫጩቶቹም ወጥተው ይሩጡ። ሩጫው ከመኖው እኩል ያስፈልጋል፤ አጥንት የሚጠነክረው ሲሠራ ነው። ሌሊት መኖ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለው መጠን ግምታዊ ነው። በሁለት ወር ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ ይሆንና በቀን ከ400 እስከ 500 ግራም ይበላል። በሦስት ወር 20 ኪሎ ሲያልፍ ከ700 እስከ 900 ግራም፣ በስድስት ወር ወደ 60 ኪሎ ሲጠጋ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል፣ በዓመቱ ከ90 ኪሎ በላይ ሲሆን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ። ከሠንጠረዥ ይልቅ ሚዛንን ይመኑ። አምስት ወይም ስድስት ጫጩቶች እግራቸው ላይ ምልክት አስረው በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳይበሉ ይመዝኑ። በሁለተኛው ወር ዕድገታቸው በአማካይ በቀን 200 ግራም አካባቢ ነው። ከዚህ በብዙ ከበለጠ በቆሎውን ቀንሰው አልፋልፋውን ያሳድጉ እንጂ በረሃብ አይቅጧቸው። የተራበ የሰጎን ጫጩት ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ አሸዋ፣ ጭራሮ፣ የወለል ጉዝጓዝ፣ የጓደኛውን ላባ ሳይቀር።

ራስዎ ለመደባለቅ

ይቻላል፤ ሁለት ነገር ካልጎደለ። አንዱ ትንንሽ መጠኖችን በትክክል የሚለካ ሚዛን ነው፣ ሌላው ለሰጎን የተሠራ ወይም ቢያንስ ለእርባታ ወፎች የተዘጋጀ፣ አዮኖፎር የሌለበት የቪታሚንና የማዕድን ፕሪሚክስ። ፕሪሚክስ ሳይኖር በእህልና በፋጉሎ ብቻ የሚያድግ የሰጎን ጫጩት የለም።

እስከ ሁለት ወር ላሉት፣ ለ100 ኪሎ፦
በቆሎ 45 ኪሎ
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 28 ኪሎ
የተፈጨ አልፋልፋ 15 ኪሎ
ፉርሽካ 7 ኪሎ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.8 ኪሎ
ዳይካልሲየም ፎስፌት (የካልሲየምና የፎስፈረስ ምንጭ) 2 ኪሎ
ጨው 400 ግራም
ፕሪሚክስ 500 ግራም
ሜቲዮኒን 150 ግራም፣ ላይሲን 150 ግራም (ሁለቱም የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች ናቸው)

ይህ ፕሮቲኑ 20 በመቶ፣ ቃጫው ወደ 7 በመቶ፣ ካልሲየሙ 1.4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ ያህል ነው። የፕሪሚክሱ መጠን በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ከሆነ ብቻ ነው 500 ግራም የሚሆነው፤ አንዳንዱ 250 ግራም፣ አንዳንዱ አንድ ኪሎ ይላልና ልዩነቱን በፉርሽካው ያስተካክሉ።

ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር አልፋልፋው ወደ 33 ኪሎ ያድጋል። በቆሎው 36፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎው 15፣ ፉርሽካው 12 ኪሎ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.2 ኪሎ፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት 1.7 ኪሎ፣ ጨው 400፣ ፕሪሚክስ 500፣ ሜቲዮኒንና ላይሲን መቶ መቶ ግራም። ፕሮቲኑ 17 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ አልፋልፋው ከግማሽ ማለፍ ይችላል፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎውም ሦስት ወይም አራት ኪሎ ከሆነ ይበቃል፤ ፕሮቲኑ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል፣ ወፉ ግን አይጎዳም፣ ትልቁ አንጀቱ ሥራ ጀምሯልና።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም ለጫጩትና ለእርባታ ወፍ አይስጡ፤ ውስጡ ያለው ጎሲፖል ይጎዳል። የሱፍ ፋጉሎ ከአኩሪ አተሩ ከፊሉን ሊተካ ይችላል፣ ላይሲኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ ላይሲን ይጨመርበታል። ሻጋታ የነካው በቆሎ ለከብት ይሆናል እየተባለ እንደሚታለፈው እዚህ አይታለፍም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የወጣት ወፍ ጉበት ላይ ፈጣን ነው። የአቮካዶ ቅጠልና ፍሬም ልባቸውን ስለሚጎዳ ከግቢው ይራቅ።

ሲደባለቅ የሚሳሳቱት ደቃቆቹን በቀጥታ ትልቁ ክምር ላይ በመበተን ነው። ፕሪሚክሱን፣ ጨውን፣ ሜቲዮኒኑንና ላይሲኑን መጀመሪያ ከአምስት ኪሎ ፉርሽካ ጋር እስኪመሳሰል ያሹ፣ ያን ከሃያ ኪሎ በቆሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀሪው ጋር። በአካፋ ከሆነ ክምሩን ቢያንስ አራት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይገልብጡት። የእህሉ ርጥበት ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የተደባለቀው በሦስት ወይም አራት ሳምንት ውስጥ ይለቅ።

ሰጎን መኖን በአፉ ጫፍ ይዞ ወደ ጉሮሮው ወርወር ያደርገዋል፤ ምላሱ አጭር ስለሆነ ዱቄት አይሰበስብለትም። ደቃቅ ዱቄት አፉ ላይ ይጋገራል፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ይሞላል፣ ከብክነቱ ይበልጥ ደግሞ የሚያሳስበው ገንዳው ሥር የሚቀረው ማዕድኑና ቪታሚኑ መሆኑ ነው፤ ወፉ ያልበላውን ፕሪሚክስ እየከፈሉበት ነው ማለት ነው። ማሽን ካለ ለትንንሾቹ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለትልልቆቹ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እንክብል ይሁን። ከሌለ እህሉን አሻክረው ይፍጩና ሲያቀርቡ ብቻ በጥቂት ውኃ ይንኩት፤ የረጠበው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተበላ ይጣል።

ያልተከተፈው አልፋልፋ

ከጥያቄው ውስጥ ከእግሩ ያልተናነሰ የሚያሳስበው ይህ ነው። ረጅም ግንድ የሰጎን ጫጩት እጢማ ጨጓራ ውስጥ እንደ ገመድ ይጠላለፍና ወደ ጡንቻማው የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። እስከ ሁለት ወር ያሉት የሚበሉት ቅጠል ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ይከተፍ፣ በኋላም ከሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ግንዱ የጠነከረ፣ አበባው ያለፈበት አልፋልፋ ለአዋቂዎቹ ይሁን። እርጥቡ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ አልፋልፋን ለመተካት አራት ወይም አምስት ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል፤ ጫጩት ደግሞ ያን ያህል የሚይዝበት ሆድ የለውም። ለአሁኑ ለአንዱ በቀን አንድ እፍኝ ክትፍ በመኖው ላይ ነስንሰው ይስጡ፤ ቀለሙ ራሱ እንዲለቅሙ ይጠራቸዋል።

መዘጋቱን በፋንድያው ያውቁታል። ሰጎን ሽንቱንና ፋንድያውን ለየብቻ ይጥላል፤ ጤነኛ ፋንድያ ለስላሳና ቅርጽ ያለው ነው። እንደ ፍየል በጠጠር መልክ ደርቆ መውጣት ከጀመረ፣ ጫጩቱም ከመንጋው ተነጥሎ ከቆመ፣ ወደ ገንዳው መጥቶ እየነካካ ካልዋጠ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይጥሩ። ገና ሲጀምር በፈሳሽ ፓራፊን ሊለቅ ይችላል፤ ከዘገየ ቀዶ ሕክምና ብቻ ይቀራል። አፉን ከፍቶ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ ሳንባ ስለሚወስደው ያለ ቱቦ አይሞከርም።

መዘጋት ከመኖ ለውጥ ይልቅ ከቦታ ለውጥ በኋላ በብዛት ይመጣል። ከሲሚንቶ ወለል ወደ አሸዋማ ሜዳ ወይም ወደ ረጅም ሣር የሚወጡ ጫጩቶች መጀመሪያ ጠግበው ይውጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆይታቸው ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ይሁን። አጥር በተጠገነ ቁጥር ደግሞ መሬቱ በዓይን ይለቀም። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ይዋጣል፤ የሽቦ ቁራጭ ጨጓራውን በስቶ ወደ ልቡ ሊሄድ ይችላል።

ጠጠር ግን ራሱ አስፈላጊ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠንካራ፣ በአሲድ የማይሟሟ ጠጠር ይስጧቸው፤ መጠኑ ከትልቁ ጣታቸው ጥፍር ግማሽ ያህል ይሁን። በሳምንት አንዴ ለመንጋው ጥቂት እፍኝ ይበቃል። የኖራ ድንጋይ ለዚህ አይሆንም፤ ይሟሟና የካልሲየሙን ስሌት ያበላሻል።

ውኃው ከመኖው በክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይጠጣል። 2 ኪሎ የሚበላ አዋቂ 5 ሊትር፣ በሙቀት ጊዜ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ። ውኃ ያጣ ሰጎን መኖ ያቆማል፣ ስለዚህ የምግብ ፍላጎት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታየው የውኃ ገንዳው ነው። ለጫጩቶች ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ጥላ ውስጥ ያለ፣ በቀን ሁለቴ የሚታጠብ ይሁን።

ከአሁኑ መኖ ወደ አዲሱ የሚዞሩት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ በየሁለት ቀኑ አንድ አራተኛውን እየተኩ። አዮኖፎር ካለበት ግን መሸጋገሪያ የለም፣ ዛሬውኑ ይቋረጣል፤ ለሁለት ቀን ያህል መኖውን ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ፋንድያውን ይከታተሉ።

ወደፊት ለሚፈለፈሉት አንድ ቃል፦ ጫጩቱ ሲወለድ ሆዱ ውስጥ የእንቁላል አስኳል ይዞ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ቢቀንስ አይደንግጡ፣ በግድም አያጉርሱ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ውኃና ጥቂት መኖ ፊቱ ይኑር። መልቀም የማያውቁትን የሚያስተምራቸው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚቀድማቸው ጤነኛ ጫጩት ነው፤ ይህ ከማንኛውም ማነቃቂያ ይሻላል።

የእርባታዎቹ ሰጎኖችና የሳሳው ቅርፊት

ስሌቱን እንየው። የሰጎን እንቁላል 1.4 ኪሎ ቢመዝን ቅርፊቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ከ270 እስከ 280 ግራም። ይህ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከ100 ግራም በላይ ካልሲየም አለበት። በደኅና ጊዜዋ በየሁለት ቀኑ የምትጥል ሴት በቀን ከ50 ግራም በላይ ካልሲየም ታወጣለች። በቀን 2.2 ኪሎ የምትበላው መኖ ካልሲየሙ እንደ ጫጩት መኖ 1.4 በመቶ ቢሆን የምታገኘው 31 ግራም ነው፣ ያንንም አንጀቷ ሙሉ በሙሉ አያሳልፈውም። ጉድለቱን ከአጥንቷ እየቀነሰች ትሞላለች፤ አጥንቷ ሲደክም ቅርፊቱ ይሳሳል።

ለእርባታ ወቅት 100 ኪሎ እንዲህ ይሁን፦ አልፋልፋ 52፣ በቆሎ 24፣ ፉርሽካ 14፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 3፣ የኖራ ድንጋይ 4.2፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት 1.7 ኪሎ፣ ጨው 500 ግራም፣ የእርባታ ፕሪሚክስ 600 ግራም። ፕሮቲኑ 14 በመቶ፣ ካልሲየሙ 2.7 በመቶ ገደማ ነው። ለአንዱ በቀን ከ2 እስከ 2.2 ኪሎ፣ በሁለት ጊዜ። የእርባታ ፕሪሚክስ የተባለበት ምክንያት ቪታሚን ኤ፣ ኢና ቢ2 ከእናቲቱ ወደ አስኳሉ ስለሚያልፉ ነው። እነሱ ሲጎድሉ እንቁላሉ ያምራል፣ ፅንሱ ግን ሳይፈለፈል ይሞታል።

ችግሩ ወንዱ ነው። ካልሲየም እንደ ሴቶቹ አያስፈልገውም፣ ትርፉ ደግሞ ዚንክ እንዳይገባው ያደርጋል፤ ዚንክ ያጣ ወንድ ዘሩ ይደክማል። ሦስቱ በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ የመኖውን ካልሲየም ከዚህ በላይ አያሳድጉ። ተጨማሪውን ለብቻው በሳጥን ያቅርቡ፦ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የተሰባበረ የባሕር ዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ። የምትጥለዋ ሴት ስትፈልግ ሄዳ ትለቅመዋለች፤ ሻካራው ቁራጭም ጨጓራዋ ውስጥ ቆይቶ ሌሊት ቅርፊቱ በሚሠራበት ሰዓት ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ከዱቄቱ ይመረጣል።

ውፍረታቸውን በዓይን ሳይሆን በእጅ ይለኩ። ጀርባቸው ላይ እጅ ሲሄድ አከርካሪው ከጎኖቹ ጋር እኩል ሆኖ መሰማት አለበት። ሸንተረር ሆኖ ከወጣ ከስቷል፤ በተቃራኒው አከርካሪው ቦይ ውስጥ ከገባ ወፍሯል። የወፈረ ወንድ ለመገናኘት ይሰንፋል፣ የወፈረች ሴት መጣል ታቆማለች። የእርባታው ወቅት ሲያልፍ ወንዱን ከሴቶቹ ለይተው ለሦስት ወይም አራት ወር ያሳርፏቸው። የኖራ ድንጋዩን ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ያውርዱ፣ በቆሎውን በግማሽ ቀንሰው በተከተፈ የሣር ድርቆሽ ይተኩ፣ መጠኑንም ወደ 1.8 ወይም 2 ኪሎ ያድርጉ። ሊገናኙ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ወደ እርባታው መኖ ይመልሷቸው።

ለኢሙ ይሠራል?

አይሠራም፤ እንዳለ አይገለበጥም። ኢሙ ትልቁ አንጀቱ አጭር ነው፣ ቃጫ የሚያብላላው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው፣ ምግቡም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ከግማሽ በላይ አልፋልፋ የሆነው የአዋቂ ሰጎን መኖ ለኢሙ ይከብደዋል፤ እህሉና ፋጉሎው ከፍ፣ አልፋልፋው ዝቅ ይላል። አዋቂው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ስለሆነ በቀን አንድ ኪሎ የማይሞላ ይበቃዋል። የፍላጎቱም መጠን በወቅት ይለዋወጣል፦ ስብ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ይቀንሳል፤ እንቁላል የታቀፈ ወንድ ኢሙ ስምንት ሳምንት ያህል ሳይበላ ማለት በሚቻል ሁኔታ ይቀመጣል። አዮኖፎርን፣ ረጅም ግንድንና የሽቦ ቁራጭን በተመለከተ የተባለው ግን ለእሱም እንዳለ ይጸናል።

ቅርፊቱን በተመለከተ አንድ ይቀራል። አዲሱ መኖ ከተጀመረ በኋላ ለውጡ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ አጥንት መጀመሪያ የራሱን ይመልሳልና። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱን እንቁላል ማን እንደጣለችው፣ በየትኛው ቀን፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ እላዩ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ከአራት ሳምንት በኋላ የሁለቱም ሳስቶ ከቀጠለ የኖራ ድንጋዩን ጥራትና የድብልቁን መመሳሰል ይመርምሩ፤ ከክምሩ ላይና ሥር ናሙና ወስደው ካልሲየሙን ያስለኩ። የአንዷ ብቻ ከሆነ መኖውን አይንኩት፤ ሐኪሙ የእሷን የእንቁላል ቧንቧ ይመርምር።